በአንድ ተከታታይ ልብ ወለድ ፍቅር ለወደቃችሁ ልጆች

እናንተ አሁን የያዛችሁ ተከታታይ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ዘንዶ ይኑርበት አስማተኛ፣ በመጽሐፍ ጀምሩት በፊልም፣ ለእኔ ያው ነው። የእኔ ዘ ዊል ኦፍ ታይም ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል እያለሁ ያዘኝ፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ፣ ዕድሜዬን በኦዲት ሥራ ጨርሼም አልለቀቀኝም። ስለዚህ "የልጅነት ነገር ነው፣ ይተዋችኋል" የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን በሚል የብዕር ስም ነበር የሚጽፈው፤ ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ሪግኒ ነው። የደቡብ ካሮላይናዋ የቻርለስተን ልጅ። ቬትናም ዘምቷል፣ ፊዚክስ ተምሯል፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል በኑክሌር መሐንዲስነት ሠርቷል። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1990 ወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)፣ አሥራ አራተኛውና የመጨረሻው በ2013። በተማሪነቴ የጀመርኩትን ታሪክ የጨረስኩት የልጆች አባት ሆኜ ነው።

እቤት ማንም አልገባውም። እናቴ ሽፋኑ ላይ ፈረስ የጋለበውን ጦረኛ አይታ "ይሄ ደግሞ የትኛው ሰማዕት ነው?" ብላኛለች። አባቴ ሒሳብህን ሥራ ነበር የሚለኝ። ሒሳቡንም ሠራሁ፣ መጽሐፉንም አነበብኩ፤ ሁለቱ እንደማይጣሉ ለማስረዳት ግን ያኔ ቃል አጣሁ። አሁን ልሞክር።

በአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ፣ በ1993 ማለት ነው፣ አስሞዲያን የሚባል ገጸ ባሕርይ በር ይከፍታል። ከበሩ ወዲያ የቆመውን ሰው ያውቀዋል፣ ይደነግጣል፣ እዚያው ይሞታል። ገዳዩ ማን እንደሆነ አይነገረንም። በቃ! 17 ዓመት ተጨቃጨቅንበት። ማን የት ነበር? በዚያን ሰዓት እዚያ መድረስ የሚችለው ማነው? እገሌ ያንን ምስጢር ከሌላ ሰው አፍ ካልሰማ እንዴት ሊያውቅ ቻለ? ጆርዳን ራሱ መልሱ ግልጽ ነው ይል ነበር፣ ግን አይናገርም። መልሱ የመጣው በ2010 ነው፤ ያውም ታሪኩ ውስጥ ሳይሆን ከመጽሐፉ ጀርባ ባለው የስሞችና የቃላት መፍቻ ውስጥ፣ በገዳይዋ ስም ሥር ጣል ተደርጎ። (ሴት መሆኗ አመለጠኝ፤ ስሟን ግን ራሳችሁ ድረሱበት።)

ኦዲት ምን መሰላችሁ? ደረሰኙን፣ ውሉንና የባንክ መግለጫውን ጎን ለጎን ዘርግቶ "ሰውዬው በዚያ ቀን ውጭ አገር ከነበረ ይሄን ማን ፈረመው?" ማለት ነው። ሕጉን ኮሌጅ አስተምሮኛል። አንድን ወረቀት ለአራተኛ ጊዜ ሳይሰለቹ ማንበብን ግን ኮሌጅ አላስተማረኝም፤ ያ ከአስሞዲያን የመጣ ነው። ስለዚህ ስትከራከሩ ገጽ ጥቀሱ። "እኔ እንደዚህ ይሰማኛል" ብላችሁ አትለፉ፤ የት እንደተጻፈ አሳዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጆርዳን በ2006 በጽኑ መታመሙን ለአንባቢ አሳወቀ፣ በመስከረም 2007 አረፈ። የመዝጊያውን ትዕይንት በራሱ እጅ ጽፎ ነበር፣ ማስታወሻም ትቷል፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ግን አላለቀም። ከልጅነቱ ጀምሮ የእሱ አንባቢ የነበረ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ወጣት ደራሲ ሐዘኑን ብሎጉ ላይ ጻፈ። ሃሪየት ማክዱጋል፣ የጆርዳን ሚስትም አርታኢም የነበረችው፣ ያንን ጽሑፍ አየች። ከሳንደርሰን መጻሕፍትም አንዱን አነበበች፣ ሥራውን ሰጠችው። አንድ መጽሐፍ ይሆናል የተባለው ሦስት ሆኖ ወጣ።

ይሄን ለወጣቶች ሳወራ "አየህ፣ ፋን ሆኖ ተሳካለት!" ይሉኛል። ቆይ፣ ቆይ። ሳንደርሰን የመጀመሪያ መጽሐፉ በ2005 ከመታተሙ በፊት ደርዘን ያህል ልብ ወለድ ጽፏል። ሆቴል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ እንግዳ በማይመጣበት ሰዓት እየጻፈ። አሳታሚ መጀመሪያ የገዛለት እንኳ ስድስተኛውን ነው። ሃሪየት ስትደውል ስልኩን ያነሳው ሥራውን የሚችል ሰው ነበር። በሚሊዮን የምንቆጠር ሌሎቻችንም አልቅሰናል እኮ፤ ማንም አልደወለልንም፣ ትክክልም ነው።

ሌላው ጉዳይ፣ ደራሲን አትሳደቡ። አሥረኛው መጽሐፍ በ2003 ሲወጣ ታሪኩ ፈቀቅ አላለም፤ እኔም አሰልቺ ነው እላለሁ፣ እስከዛሬ እላለሁ። ይሄ ፍርድ ነው፣ መብታችሁ ነው። "ዘገየህ" እያሉ ሰውን ማሳደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለቲቪ የተሠራውም በ2021 ጀምሮ በ2025 ከሦስት ሲዝን በኋላ ሲቋረጥ ለቅሶ የተቀመጡ ጓደኞች አሉኝ። መጻሕፍቱ መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም። በታሪኩ ውስጥ ያሉትን የሚመስሉ ሰይፍና ቀለበት ለመሰብሰብ ገንዘብ ስለማፍሰስ ምንም አልልም፤ ደመወዝ ስትቀበሉ ራሳችሁ ትተዉታላችሁ።

ከእናንተ መሃል የራሱን ዓለም በአማርኛ መጻፍ የጀመረ አይጠፋም። ካርታ የሳለ፣ ለነገሥታቱ የዘር ሐረግ ያወጣ፣ ግን ምዕራፍ አንድን ገና ያልጨረሰ። ምዕራፍ አንድን ጨርሱት። ከዚያ የሚያፈቅራችሁን ሳይሆን የሚያርማችሁን ሰው ፈልጉ፤ ጆርዳን ዕድለኛ ሆኖ ሁለቱን አንድ ቤት አገኛቸው። እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፣ ስለ ቋንቋ ውበት አትጠይቁኝ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የሞተው ንጉሥ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ቡና ሲጠጣ ካገኘሁት ግን ከነገጹ እነግራችኋለሁ።