የእህቴ ልጅ ኤንኤፍኤል ይገባል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ነው። የእህቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፣ ቦታው ዋይድ ሪሲቨር ነው፣ የተወረወረውን ኳስ ሮጦ የሚቀበለው ማለት ነው። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። 40 ያርድ በ4.4 ሰከንድ ሮጠ ተብሎ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆሟል። አባቱ “ትምህርቱን ያቋርጥና ዘንድሮውኑ ድራፍት ይግባ” ይላል፣ ድራፍት ማለት የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡበት ነው አሉኝ። እህቴ ደግሞ “ጎመን በጤና፣ መጀመሪያ ዲግሪውን ይያዝ” ትላለች። እኔን አስታርቀን ይሉኛል፣ እኔ ግን የማውቀው የእኛን እግር ኳስ ነው። የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። እስኪ አይተው ልጁ ፕሮፌሽናል ይሆን እንደሆነ ቁርጡን ይንገሩኝ።
አጎት ነኝ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ጋሼ፣ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። አንዴ በስልክ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ እያዘገየሁ። ልጁ ደስ ይላል። ግን በዚህ ቪዲዮ ብቻ ቁርጡን ልንገርዎት ብል መዋሸት ይሆንብኛል። እዚያ ላይ ያለው የያዘው ኳስ ብቻ ነዋ። ከእጁ ያመለጠ የለም፣ ተከላካይ አፍኖ ያስቀረው የለም። አሞራ ገደል ሄደው ሳህን ላይ የቀረበውን ዓሣ ቢያዩ፣ መረቡ ስንቴ ባዶውን እንደወጣ አያውቁም። ይህም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ስለ ሩጫው እናውራ፣ ቤቱን ያናወጠው እሱ ስለሆነ። 40 ያርድ 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለድራፍት የታጩ ልጆች በየዓመቱ በየካቲት ግድም ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተጠርተው ይለካሉ፣ ይዘላሉ፣ ይሮጣሉ። ኮምባይን ይሉታል። እዚያ ሰዓቱን የሚይዘው መሣሪያ ነው። ልጁን የለካው አሠልጣኝ በእጁ ሰዓት ይዞ ከሆነ ግን ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ፈጠን ብሎ ይወጣል። ስለዚህ በቅድሚያ “ማን ለካው? በምን?” ብለው ይጠይቁልኝ።

እሺ፣ 4.4 እውነት ነው እንበል። ፈጣን ነው፣ ክርክር የለውም። ግን በፈረንጆቹ 2017 የሆነውን ይስሙኝ። ጆን ሮስ የሚባል ሪሲቨር ኮምባይን ላይ 4.22 ሮጠ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። የሲንሲናቲ ቡድን በድራፍቱ በ9ኛ ምርጫ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ኳስ አልያዘም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሜዳ፣ ኩፐር ከፕ የሚባል ልጅ 4.62 ሮጠ። ለሪሲቨር ቀርፋፋ የሚባል ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቱም ኢስተርን ዋሺንግተን፣ ከትልልቆቹ ተርታ የማይቆጠር ነው። 68 ልጆች ተመርጠው ካለቁ በኋላ 69ኛ ሆኖ ተጠራ። 2021 ላይ በአንድ የውድድር ዘመን 145 ኳስ ያዘ፣ 1,947 ያርድ ሄደ፣ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውሉንም አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

ታዲያ ከፕ ምን ነበረው? ከተከላካዩ መለየት ያውቅበታል። ጋሼ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ኳሱ ሲደርስ በእሱና በጠባቂው መካከል ስንት እርምጃ አለ? በእኛ ኳስ እንኳ ሐዋሳ ስታዲየም ሄደው ሲያዩ፣ ጥሩ አጥቂ ሁልጊዜ በጣም የሚሮጠው አይደለም። ተከላካዩ ወደ አንድ ጎን ሲደገፍ አይቶ በሌላው የሚጠፋው ነው። ሪሲቨርም እንዲሁ ነው። በቀጥታ ሲሮጥ የነበረ ልጅ በድንገት መቆም፣ መታጠፍ፣ ደግሞ መነሳት አለበት፣ ያውም ትከሻውና ዓይኑ የሚሄድበትን አስቀድመው ሳይናገሩበት።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንመለስ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ የጮኸበት አለ። ተከላካዩ ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ርቆ ቆሟል። ልጁ አጭር ኳስ ተቀብሎ መስመር ይዞ ፈተለከ፣ ማንም ሳይነካው ገባ። ያምራል። ግን የሚነግረኝ ነገር ትንሽ ነው። ክፍተቱን የሠራው የአሠልጣኙ ዘዴ ነው፣ ሌላ ፈጣን ልጅም ቢሆን ይገባ ነበር።

መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አንድ አለ፣ ማንም ያልጮኸበት። ተከላካዩ አፍንጫው ሥር ቆሟል። ኳሱ ሲነሳ ደረቱን በእጁ ያዘው። ልጁ በግራ እግሩ አታለለ፣ በቀኝ እጁ የተከላካዩን ክንድ ወደ ታች መታና አለፈ። አሥር ያርድ ላይ ሲደርስ ወገቡን ዝቅ አድርጎ በሁለት እርምጃ ቆመ። ተከላካዩ መቆም አቅቶት ሁለት እርምጃ አለፈው። ልጁ ዞረ፣ ኳሱ ደረሰ፣ ደረቱ ላይ ሳያስደግፍ በጣቶቹ ያዘው። አሥራ አንድ ያርድ ብቻ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ፕሮፌሽናሉ ዓለም ውስጥ ተከላካይ ሁልጊዜ ሰባት እርምጃ ርቆ አይጠብቀውም፣ እንዲህ ደረቱን ይዞ የሚጀምርም ያጋጥመዋል። ይህን አሥር ጊዜ ካሳየኝ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ስድስት ደቂቃ ውስጥ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። እህትዎ ስታዲየም ስትገባ ስልኳን ኳሱ ላይ ሳይሆን ልጇ ላይ ታድርግ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ቴሌቪዥን ኳስ ወርዋሪውን፣ ማለትም ኳርተርባኩን ነው የሚከተለው። ሪሲቨሩ ርቆ ሲሄድ ከምስሉ ይወጣል። መልማዮች የሚያዩት ሌላ ቪዲዮ ነው፣ 22ቱም ተጫዋቾች የሚታዩበት፣ ከላይ የተቀረጸ። የእናት ስልክ እሱን ይተካል ባልልም ይጠጋዋል። እርስዎም ማምሸት ካልከበደዎት በቪዲዮ ጥሪ አብረው ይዩ፣ እዚያ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡30 የሚጀመር ጨዋታ እኛ ጋ ከምሽቱ 4፡30 ነው፣ እነሱ በመኸር ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 5፡30 ይሆናል። በተለይ ጠንካራ ቡድን ገጥመው የተሸነፉበትን ጨዋታ እፈልጋለሁ። ኳስ በማይመጣለት ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ይሮጣል ወይስ ይንሸራሸራል? ጓደኛው ኳስ ሲይዝ ለእሱ መንገድ ይከፍታል? ከእጁ አንድ ኳስ ሲያመልጥ ቀጣዩ ላይ ምን ይሆናል?

ሌላው ዕድሜው ነው። አንድ ልጅ በ19 ዓመቱ የቡድኑ ዋና ተቀባይ ከሆነ ትልቅ ምልክት ነው። በ23 ዓመቱ በ18 ዓመት ልጆች ላይ ጎልቶ ሲወጣ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ከጠቅላላ ያርዱ ይልቅም ቡድኑ በኳስ ውርወራ ካገኘው ውስጥ የእሱ ድርሻ ስንት ነው የሚለውን ይጠይቁ። ኳስ እንደ ዝናብ በሚወረወርበት ቡድን ውስጥ ብዙ መያዝና ጥቂት በሚወረወርበት ቡድን ውስጥ ግማሹን መያዝ አንድ አይደለም።

ትንሽ ኮሌጅ ነው ብለው ግን ተስፋ አይቁረጡ። ጄሪ ራይስ፣ ብዙ ሰው የምንጊዜም ምርጥ የሚለው፣ የመጣው ከሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ነው፣ 1985 ላይ በ16ኛ ምርጫ። እዚያው ሚኒሶታ ደግሞ አዳም ቲለን አለ። ማንኬቶ ከተማ ኮሌጅ ተማረ፣ 2013 ላይ ማንም አልመረጠውም፣ ለሙከራ ገብቶ ከልምምድ ቡድን ተነስቶ ሁለት ጊዜ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦውል በቃ። የእህትዎ ልጅ ይህን ታሪክ ሳያውቀው አይቀርም። ዋናዎቹ ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ። 2020 ላይ ፊላዴልፊያ በ21ኛ ምርጫ ጄለን ሬገርን ሲወስድ፣ ሚኒሶታ ወዲያው ቀጥሎ ጀስቲን ጀፈርሰንን ወሰደ። ጀፈርሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 1,400 ያርድ ሄደ። ፑካ ናኩዋ 2023 ላይ 177ኛ ነበር የተጠራው፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ኳስ ያዘ።

እነዚህን ስሞች የጠራሁት አባትየው ደስ እንዲለው አይደለም። ብዙዎቹ የማይጠሩ ናቸው። ድራፍት ሲባል እኛ ጋ ቀድሞ የሚታወሰው ቢራው ነው፣ እዚያ ግን 32 ቡድኖች በ7 ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው። በሁሉም ቦታ ተደምሮ የሚመረጠው በዓመት 250 አካባቢ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ራሱ በሚያወጣው ስሌት ከ100 የኮሌጅ ተጫዋች ኤንኤፍኤል የሚደርሰው ሁለት እንኳ አይሞላም።

አሁን ለጠቡ የሚሆን ነገር። ከሁለተኛ ደረጃ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ድራፍት መግባት ይፈቀድለታል። ከመወሰኑ በፊት ግን በኮሌጁ በኩል ከኤንኤፍኤል አማካሪ ኮሚቴ ግምት መጠየቅ ይችላል። የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር፣ ወይም ትምህርት ቤትህ ቆይ። ይህን ወረቀት ሳያይ ማንም ምንም እንዳይፈርም ለአባቱ ይንገሩት። አንዴ ከወኪል ጋር ፈርሞ ድራፍት ከገባ ወደ ኮሌጅ ጨዋታ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። ወረቀቱ “ቆይ” ካለ ይቆይ። እኔ እስካሁን ባየሁት ከእህትዎ ጋር ነኝ። ልጁ አይችልም ብዬ አይደለም። ያቺን አሥራ አንድ ያርድ ደጋግሞ ለማሳየት አንድ ዓመት ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ሙሉ ጨዋታዎቹን ይላኩልኝ፣ አብረን እናያለን።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። እዚሁ ሐዋሳ 100 ሜትር እሮጣለሁ። ፍጥነት ካለኝ ዋይድ ሪሲቨር መሆን አልችልም?
ሯጩ፣ ከታቦር ሥር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአንተ በፊት ያደረገው አለ። 1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሊምፒክ 100 ሜትሩን ያሸነፈው ቦብ ሄይስ ነበር። ከዚያ የኤንኤፍኤሉ ዳላስ ቡድን ገብቶ ሪሲቨር ሆነ። አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው ስላልቻለ ተከላካዮች ሰውን ትተው ቦታ መጠበቅ ጀመሩ ይባላል። የኦሊምፒክ ወርቅም የሱፐር ቦውል ቀለበትም ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ግን ልብ በል፣ ሄይስ ፉትቦሉን ከሩጫው ጎን ለጎን ኮሌጅ ሆኖ ይጫወት ነበር። ኳስ መያዝ በልጅነት እጅ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። ኤንኤፍኤል ከ2017 ጀምሮ ከሌላ አገር ልጆች የሚያመጣበት ፕሮግራም አለው፣ 2022 ላይም ጋና ውስጥ ልጆችን የሚያይበት ካምፕ አካሂዷል። በዚህ መንገድ ጎልተው የወጡት ግን በብዛት ግዙፎቹ ናቸው። ጆርዳን ማይላታ አውስትራሊያ ውስጥ ራግቢ ይጫወት ነበር፣ ፉትቦል ነክቶ አያውቅም፣ ዛሬ ፊላዴልፊያ ውስጥ ኳርተርባኩን ከአጥቂ የሚጠብቅ ግድግዳ ነው።

የእኔ ምክር ሩጫህን አትተው። ጥሩ ሰዓት ካለህ በአትሌቲክስ የአሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ማግኘት ይቻላል፣ እዚያ ከደረስክ ኳሱንም በቅርብ ታየዋለህ። ለዚያ እንግሊዝኛህንና ውጤትህን አሁኑኑ ያዝ። “ገንዘብ ላክና ቡድን አስገባሃለሁ” የሚልህ ሰው ከመጣ ስልኩን ዝጋበት፣ እንዲህ ብለው የሰው ቤት ያስሸጡ አሉ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ሪሲቨር መስመር ላይ ኳስ ሲይዝ አንድ እግር ይበቃል ወይስ ሁለት?
ሦስት ጓደኛሞች

መልስ፦ ሁላችሁም ትክክል ሳትሆኑ አትቀሩም። ኮሌጅ ውስጥ አንድ እግር ሜዳ ውስጥ ከነካ ይበቃል። ኤንኤፍኤል ላይ ሁለቱም መንካት አለባቸው። ለዚህ ነው ከአቶቴ የጻፉልን ጋሼ የእህታቸውን ልጅ መስመር ዳር ሲያዩ ሁለተኛውን እግሩንም ማየት ያለባቸው።