በሜካኒካል ዲግሪ ፎረንሲክ ኢንጂነሪንግ፦ ማስተርሱ ይቆይ፣ ፒኢው ይቅደም

እህቴ፣ አገር ቤት በያዝሽው የሜካኒካል ዲግሪ እዚህ አሜሪካ ፎረንሲክ ኢንጂነር ለመሆን መጀመሪያ ማስተርስ ልማር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ሥራው ላይ ስላለሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ማስተርሱ አይከፋም፣ ግን በሩን የሚከፍትልሽ የፒኢ (ፕሮፌሽናል ኢንጂነር) ፈቃድ፣ ማለትም ስቴቱ የሚሰጠው የመሐንዲስነት ፈቃድ ነው።

ሥራው፣ ማለትም ዕቃ ለምን እንደተሰበረ ወይም አደጋ እንዳደረሰ መመርመር፣ በአብዛኛው የሚመጣው ከኢንሹራንስና ከጠበቆች ነው። ቤት ይቃጠላል፣ ቦይለር ይፈነዳል፣ ፎርክሊፍት ሰው ይጎዳል። ኢንሹራንሱ ለደንበኛው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከአምራቹ ያስመልስ ወይስ ከገጣሚው? መልሱ የሚጠበቀው ካንቺ ነው።

የሽንት ቤት ፍሌክሲብልን (ውሃ የሚያስገባውን ተጣጣፊ ቱቦ) እንውሰድ። የፕላስቲክ ዳዶው ይሰነጠቅና ውሃው ሲፈስ አድሮ ቤዝመንቱን ይሞላዋል። በማይክሮስኮፕ ስታዪው ስንጥቁ የተነሳው ከጥርሱ ሥር ነው። ገጣሚው ከልክ በላይ አጥብቆት ነው ወይስ ሲሠራ የጥርሱ ሥር በጣም ሹል ሆኖ? እሱን ለመለየት ያልተነካ ተመሳሳይ ዳዶ ገዝተሽ ጎን ለጎን ታያለሽ። የተሰበረ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ከሆነ ይቀላል፤ ከኪዌዩ (ዘንጉ ላይ ከተቆረጠው የቁልፍ ቦይ) ጥግ ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ቅስቶች ካሉ ፋቲግ ነው፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጭነት ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ። በመጨረሻ ባንዴ የተበጠሰው ሻካራ ቦታ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሻፍቱ የተሸከመው ጭነት ያን ያህል አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ሁለቱን ስብራት መልሰሽ እንዳታጋጥሚ፣ ፊቱ ይበላሻል! የሌላው ወገን ባለሙያ ሳይጠራም አትፍቺ፣ አትቁረጪ። ማስረጃ አጠፋሽ ከተባለ ክሱ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል። ለክስ የሚቀርብ ዕቃ እንዴት እንደሚመረመር የሚያወጣውን ደረጃ፣ ኤኤስቲኤም ኢ860ን፣ ከአሁኑ አንብቢው፣ እሳት ላይ መሥራት ካሰብሽ የእሳት ምርመራ መመሪያውን ኤንኤፍፒኤ 921ን ጨምሪበት።

ስለ ፈቃዱ፦ ትራንስክሪፕትሽን የፈቃድ ፈተናዎቹን በሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በኤንሲኢኢኤስ፣ አስገምግሚ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የኤፍኢ ፈተና ውሰጂ። 110 ጥያቄ ነው፣ ቴርሞና ስታቲክስ ገና ከጭንቅላትሽ ሳይወጡ ብትጨርሺው ይሻላል። ለፒኢው በብዙ ስቴቶች የ4 ዓመት ልምድ ይጠየቃል፣ ዝርዝሩ ግን እንደ ስቴቱ ስለሚለያይ የስቴትሽን ቦርድ ጠይቂ። ከሜካኒካል ፒኢ ሦስት ዘርፎች ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው የማሽን ዲዛይንና ማቴሪያሉን ነው።

እስከዚያ ዕቃ የሚሰበርበት ቦታ ሥሪ፤ ጥገና፣ ፋብሪካ፣ የዋራንቲ ክፍል። ስኳር ፋብሪካ ጥገና ላይ ነበርኩ ያልሽውንም አታናንቂው፣ ሲቪሽ ላይ ከላይ አስቀምጪው። የመፍጫ ሮለር ሻፍት ሲሰበር በዓይኑ ያየ ጀማሪ እዚህ ብዙ አይገኝም።

ሌላው ጽሑፍ ነው። ከመሣሪያ ይልቅ ከሪፖርት ጋር ነው የምትውዪው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 (እ.ኤ.አ.) ስለ ባለሙያ ምስክር ከሰጠው የዳውበርት ውሳኔ ወዲህ በፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛው ዘዴሽን ይመረምራል፣ «ልምዴ ነው» ብቻ አያዋጣም። በዲፖዚሽን (ከችሎት በፊት በመሐላ በሚሰጥ ምስክርነት) ጊዜ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ለሰዓታት ያፋጥጥሻል። አክሰንት ብዙም አያስጨንቅሽ፤ ያልጠየቀሽን አትመልሺ፣ የማታውቂውን አላውቅም በይ። ከፋዩ የማይወደውን መልስ የምትሰጪበት ቀንም ይመጣል፣ ያ ደንበኛ ላይመለስ ይችላል።

ማስተርሱን በኋላ በማቴሪያልስ ብትይዢው ጥሩ ነው፣ በተለይ አሠሪሽ የሚከፍልልሽ ከሆነ።