ሊዝበን በእግር፦ ከእናንተ የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ሊዝበን ዳገቶች ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። አንዳንዱ ደብዳቤ ከጽሑፌ ይረዝማል። አሳጥሬ ነው የማቀርበው፤ እንዳትቀየሙኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ታኮ ጫማ ይሆናል ወይ?

አይሆንም። የእግረኛው መንገድ የተጠረበ ነጭ የኖራ ድንጋይና ጥቁር ባዝልት ነው፣ አንድ በአንድ በእጅ የተደረደረ። እግር ሲረግጠው ኖሮ ልሟል። ካፊያ ከነካው ሳሙና ነው። እኔ የጎማ ሶል አድርጌ፣ ሰው እያየ፣ በቂጤ ቁጭ ብያለሁ።

አንድ ወጣት በዳገቶቹ ላይ የሚሄደውን ዝነኛውን 28 ቁጥር ትራም ሳይሳፈር ከተመለሰ ጓደኞቹ እንደሚስቁበት ይነግረኛል። ሰልፉ ግን አስፈርቶታል።

ይሳቁ። ግድ ካልክ ማለዳ ተነሣ፤ ወይም ከማርቲም ሞኒዝ ሳይሆን በሌላኛው ጫፍ፣ ከካምፖ ዲ ኦሪኬ ተሳፈር። ቦርሳህን ከፊትህ አንጠልጥል፤ ኪስ አውላቂዎቹም ትራሙን ይወዱታል። የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው፦ ሽቅቡን በማሽን ውጣ፣ ቁልቁሉን በእግር ውረድ። ባይሻ በሚባለው በቆላው መሐል ከተማ፣ ፋንኬይሮስ መንገድ ላይ፣ ተራ ሕንፃ በሚመስል ቤት ውስጥ፣ ጥንታዊው ምሽግ ወዳለበት ኮረብታ የሚያወጣ ነፃ ሊፍት አለ። ትንሽ ራመድ ብትል ሁለተኛውን ታገኛለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወደ ግራሳ ሰፈር የሚወስደውን ዳገት በእግርህ ቻለው። ከግራሳ ግን በፖርታስ ዶ ሶል አደባባይ፣ በካቴድራሉ በኩል እስከ ባይሻ ቁልቁል ነው። ትራሙ የሚያልፍበት መንገድ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በፈለግህበት መቆምህ ነው። በገመድ እየተሳቡ ዳገት ስለሚወጡት ባቡሮች፣ ስለ ፉኒኩላሮቹ፦ የግሎሪያው በመስከረም 2025 ገመዱ ተላቆ 16 ሰው ሞቶበታል። የትኛው እንደሚሠራ እዚያው ስትደርስ ጠይቅ።

እናቱን ይዞ ሊሄድ የሚያስብ ሌላ አንባቢ፦ ሰባ አልፏቸዋል፣ ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባቸው። «አዲስ አበባን የለመዱ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ?»

እዚህ ላይ አልቀልድም። ሐኪማቸው ሳያያቸው ቲኬት እንዳትቆርጥ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ይበልጣል፤ ሊዝበን የምትገድለው በደረጃዋ ነው። የታመመ ጉልበትን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ያሠቃየዋል። ስለዚህ ከላይ ለወጣቱ የሰጠሁትን ምክር ለእሳቸው እንዳትሞክረው። ባይሻና የወንዙ ዳርቻ ሜዳ ናቸው፤ እዚያ እያረፉ ይንሸራሸሩ። መድኃኒታቸው ከእጅ ሻንጣ አይውጣ። ሐኪሙን ግን አስቀድም፤ «ደህና ነኝ» ማለታቸውን አትመን፣ እናቶች ሁሌ ደህና ናቸው።

ቪዛ እንዴት ይገኛል?

የፖርቱጋል ኤምባሲ አዲስ አበባ አለ። እነሱን ጠይቅ።

ከተማው ውስጥ ይዋኛል?

መሐል ከተማ የምታየው ባሕር ሳይሆን ታጉስ ወንዝ ነው። ለመዋኘት ከካይስ ዶ ሶድሬ በባቡር ወደ ካሽካይሽ ሂድ። አትላንቲክ ነው፤ በበጋም ያንዘፈዝፋል።

በጾም ምን እበላለሁ?

የድንችና የጎመን ሾርባ አላቸው፣ ካልዶ ቬርዴ ይሉታል። ላዩ ላይ ቋሊማ ጣል ስለሚያደርጉበት ስታዢ «ያለ ሥጋ» በያቸው፤ መረቁንም ጠይቂ። ያ ታዋቂው ፓስቴል ዲ ናታ እንቁላልና ወተት ነው፣ አይሆንም። ሳታዢ ጠረጴዛሽ ላይ የሚያስቀምጡት ዳቦና ወይራ ከበላሽው ይከፈልበታል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ።

አንዲት የታሪክ መምህርት፦ ከፖርቱጋሎች ጋር ያን ያህል ታሪክ እያለን ሊዝበን ውስጥ የእኛ የሚባል ምንም የለም?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ወደ እኛ የመጡትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ያህል ጠመንጃ ያዦች ጋር ምጽዋ መውረዱን ያልተማረ የለም። ከእኛ ወደዚያ የሄዱትን ግን ማን ያነሣቸዋል? ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገባ። በ1527 ደግሞ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ አባ ጸጋ ዘአብ፣ ከፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጋር በመርከብ ደረሱ። እንግዳ ሆነው የገቡበት አገር ዓመታት አስቀመጣቸው። የነገረ መለኮት ሊቃውንቱ ስለ ቅዳሜ ሰንበት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ጾማችን አፋጠጧቸው፤ ከቁርባንም አገዷቸው። እሳቸው ግን በ1534 የኢትዮጵያን እምነት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፉ። ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ በ1540 በላቲን አሳተመው፤ ፖርቱጋል ውስጥ ተከለከለ።

እና መምህርቴ፣ ሐውልት አትፈልጊ። ወንዙ ዳር የነበረው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጠፍቷል፤ ዛሬ ቦታው አደባባይ ነው። ቤሌም ሰፈር ሂጂና ወንዙ ዳር ያለው የቤሌም ግንብ ፊት ቁሚ። በ1519 አልቋል፤ ከአትላንቲክ የሚገባ መርከብ በአጠገቡ ያልፋል። አባ ጸጋ ዘአብ ሲመጡ ድንጋዩ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ዙሪያውን የተጠማዘዘ ገመድ ተቀርጾበታል። ከአንዱ የዘብ ማማ ሥር ደግሞ የአውራሪስ ራስ አለ፤ ነፋስና ጨው ፊቱን በልቶታል። ያኔ ግን አዲስ ነበር። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው ሲመጡ፣ ዓይናቸው አርፎበት ከሆነ፣ ምን ብለው ይሆን? እኔ እዚያ ቆሜ አውቶቡስ አመለጠኝ።

ቡናቸው ከእኛ ይሻላል?

«ቢካ» በይ፣ ትንሽ ስኒ ይሰጡሻል፣ ቆመሽ ትጠጫለሽ። ጥሩ ነው። ቶና የለም፣ በረካ የለም፣ ቄጠማም የለም። ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ።