ለሞተር መጋረጃ ልስን ከመጀመሩ በፊት ስለሚዘረጋው ገመድ

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁት በሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ በሚያስገነቡት ጂ ፕላስ ዋን ቤት የሳሎኑንና የመኝታ ቤቶቹን መጋረጃዎች በሞተር አድርገው ወደፊት ከስልክ ጋር ለማገናኘት፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት ምን ዓይነት ገመድ ማዘርጋት እንደሚገባዎ ነው። ኤሌክትሪሺያንዎም «የሳሎኑን ሁለት ሞተሮች በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አጣምሬ አስራቸዋለሁ፣ የቀረውን ዋይፋይ ይጨርሰዋል» እንዳሉዎት ጽፈዋል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ቤቴን ሳሠራ ይህንኑ ምክር ተቀብዬ የአንድ ሞተር ዋጋ ስለከፈልኩበት፣ መልሴን ከዚያ እጀምራለሁ።

ሁለቱን ሞተሮች አጣምረው አያሳስሩ። በገበያ በብዛት የሚገኘው በ220 ቮልት የሚሠራ የሮለር (ጨርቁን በዘንግ ላይ ወደ ላይ የሚጠቀልል መጋረጃ) ሞተር አራት ሽቦ አለው፤ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ ሲሆን፣ ቡናማውና ጥቁሩ አንዱ ለመውጣት፣ ሌላው ለመውረድ ፌዝ የሚቀበሉ ናቸው። በሞተሩ ውስጥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ስላለ፣ በአንደኛው ፌዝ ሲገባ በሌላውም ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሁለት ሞተሮች በአንድ ላይ ከታሰሩና አንደኛው ቀድሞ ጫፍ ደርሶ በገደብ ማቆሚያው ከቆመ፣ ገና እየሠራ ካለው ከሁለተኛው የሚመጣው ይህ ቮልቴጅ የቆመውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ትንሽ እንደተመለሰ ማቆሚያው ስለሚለቀቅ እንደገና ወደ ላይ ይሄዳል፣ ደርሶም ይቆማል፣ ደግሞ ይመለሳል። በእኔ ቤት የቀኙ መጋረጃ ላይኛው ጫፍ በደረሰ ቁጥር ጣ ጣ ጣ እያለ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ልጆቹ «መጋረጃው ብርድ ይዞታል» ይሉ ነበር። እኔም አብሬያቸው ስስቅ ከርሜ፣ አንድ ቀን ማቆሚያው ተቃጥሎ ሞተሩ ሳያቆም ቀረና ጨርቁን ከነታችኛው ዘንግ ጠቅልሎ ከላይ ቀረቀረው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ባለ አራት ሽቦ ገመድ ይዘርጋለት። የአንድ ተራ የመስኮት ሞተር ፍጆታ ከ100 እስከ 150 ዋት አካባቢ፣ ማለትም ከአንድ አምፒር በታች ስለሆነ፣ ኤሌክትሪሺያኖች «1.5» የሚሉት ሽቦ ከበቂ በላይ ነው፤ በውፍረቱ ገንዘብ ከመጨመር ይልቅ በኮንዲዩቱ (ሽቦው በግድግዳ ውስጥ በሚያልፍበት ቱቦ) ቁጥር ላይ ይጨምሩ። በነገራችን ላይ ኤሌክትሪሺያንዎ ሞተሩ እየሠራ በቴስተር ሲነኩት ቡናማውም ጥቁሩም ቢበሩባቸው ስህተት አሰሩ ማለት አይደለም፤ ያው የካፓሲተሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ያ «ሥራ ላይ ያልዋለ» የሚመስለው ሽቦ ሰው ስለሚይዝ፣ ጫፉ ተርሚናል ውስጥ ሳይገባ አይተው።

ገመዶቹ የት ይሰብሰቡ ለሚለው፣ የእኔ ምርጫ በየፎቁ አንድ ትንሽ ሳጥን ተደርጎ ከየመስኮቱና ከየማብሪያ ማጥፊያው የሚመጣው ሁሉ እዚያ እንዲገናኝ ነው። ሪሌይ ሞጁሉን፣ ማለትም ከስልክ ትእዛዝ ተቀብሎ የሞተሩን ፌዝ የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ መሣሪያ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ኋላ ባለችው ጠባብ ስካቶላ ውስጥ መጠቅጠቅ ገመድ ይቆጥባል፣ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሞጁሉ ሲበላሽ ወይም ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ዓይነት ሲተካ ከየክፍሉ ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ሽቦ መፍታት ይመጣል። ሳጥን ካለ ግን ዛሬ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ አስረው፣ ገንዘብ ሲገኝ ሞጁሉን ከመካከል ማስገባት ይችላሉ። ለመጋረጃዎቹ የተለየ ባለ 6 ወይም ባለ 10 አምፒር ብሬከር ያድርጉላቸው።

የማብሪያ ማጥፊያውን ዓይነት በተመለከተ፣ ሁለት የአምፖል ማብሪያዎችን ጎን ለጎን አድርጎ አንዱን ለላይ፣ ሌላውን ለታች ማድረግ አይገባም፤ እንግዳ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጫናቸዋል፣ ሞተሩም በሁለቱም አቅጣጫ ፌዝ ይገባበታል። አንዱ ሲጫን ሌላው የሚቆለፍ፣ ለመጋረጃ ተብሎ የተሠራውን ይግዙ፤ ከሞጁል ጋር የሚያገናኙት ከሆነ ደግሞ ሲለቁት የሚመለስ የደወል ዓይነት ቁልፍ ይሻላል። ሞጁሉም ሁለት ሪሌይ ያለውና «የመጋረጃ» አሠራር ያለው መሆን አለበት። በዚህ አሠራር ላይ ሁለቱ ሪሌዮች በአንድ ጊዜ እንዳይዘጉ ይከለከላሉ፣ አቅጣጫ ሲቀየርም ጥቂት ፋታ ይሰጣል። የኃይል መለኪያ ያላቸው ሞጁሎች ሞተሩ ጫፍ ደርሶ ሲቆም የፍጆታውን መውረድ አይተው ሙሉ ጉዞው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «40 በመቶ ክፈት» ማለት የሚቻለው። ሆኖም አስቀድሞ የሞተሩ የላይና የታች ገደብ በዊንጮቹ መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ ሞጁሉ የሚማረው ስህተቱን ነው። በዚህ የማስተካከል ሥራ ላይ ሞተሩ በድንገት ቢሞትብዎ አይደንግጡ፤ ብዙዎቹ ከ4 ደቂቃ ተከታታይ ሥራ በኋላ ሙቀታቸው ስለሚያቆማቸው፣ ቡናዎን ጠጥተው ሲመለሱ ይነሣሉ።

ለሳሎኑ ሰፊ መስኮት ግን ሮለር ሳይሆን በሐዲድ ላይ ወደ ጎን የሚሄደውን ሞተር እመክራለሁ። ዋናው ምክንያቴ መብራት ነው። የሮለር ሞተር መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቀራል፣ በእጅ የሚዞርበት መላ የተሠራለት ካልሆነ በስተቀር አይነቃነቅም፤ የሐዲዱ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ሲጎተት ይለቃል፣ በረንዳው በር ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለዚህኛው ኮርኒሱ ሲሠራ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኪስ፣ በኪሱም በአንደኛው ጫፍ የተደበቀ ሶኬት ይተውለት፤ ሞተሩ ከሐዲዱ ጫፍ ወደ ታች የሚንጠለጠል ስለሆነ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ያስለኩ። ሐዲዱን ጂፕሰም አይሸከመውም። ወይ በቀጥታ ሶሌታው ላይ በፊሸር ይታሰር፣ ወይ ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ከላዩ ሞራሌ ይግባለት፤ የጎረቤቴ ከባድ መጋረጃ በአንድ ፋሲካ ዋዜማ ከነጂፕሰሙ መሬት ላይ አድሯል።

መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹን በኢንቨርተር ለማሠራት ካሰቡ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚያወጣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ርካሹ ኢንቨርተር ካፓሲተር ያላቸውን ሞተሮች ያስጮኻቸዋል፣ ያግላቸዋልም። እኔ ሞተሮቹን ትቼ ራውተሩንና መጋረጃዎቹን ሁሉ የሚያዘውን ማዕከል ብቻ በዩፒኤስ ላይ አድርጌያለሁ።

ስለ ማዕከሉ በአጭሩ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራ ይሁን። ሆም አሲስታንት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫን፣ ኢንተርኔት ባይኖርም መጋረጃው ትእዛዝ ይቀበላል። ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከጫኑት ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በድንገተኛ የመብራት መቋረጥ ሜሞሪ ካርዱ ስለሚበላሽ ኤስኤስዲ ይጠቀሙ። ሁለተኛ፣ እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ ያሉት የራሳቸው የሰዓት ባትሪ የላቸውም፤ መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ካልመጣ ሰዓቱ ይሳሳታል፣ መጋረጃውም አብሮት ይሳሳታል። መሣሪያዎቹ ያለ ገመድ የሚነጋገሩበትን ዚግቢ የተባለ ሥርዓት ከመረጡ ደግሞ መልእክቱን ከክፍል ክፍል የሚያቀባብሉት በመብራት የሚሠሩት መሣሪያዎች ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራው የሩቅ ክፍል ሞተር ማዕከሉ በዩፒኤስ ቢበራም ላይሰማ ይችላል። በ433 ሜጋ ኸርዝ ሪሞት ብቻ የሚታዘዙት ርካሽ ሞተሮች አብዛኞቹ መልስ ስለማይሰጡ፣ ሥርዓቱ መጋረጃው ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ አያውቅም። ኬኤንኤክስ የሚባለው በራሱ ባለ ሁለት ሽቦ መስመር የሚሠራው ሥርዓት አስተማማኝ ነው፣ ለእርስዎ ቤት ግን ወጪው የሚበዛ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መስኮቶቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም የትኞቹ ገመድ ይግባላቸው የሚለው የሚወሰነው በፀሐይ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ፣ ለእይታ ተብሎ ወደ ሐይቁ የተከፈተ መስኮት ሁሉ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ ወደ ማታም ከውኃው ላይ የሚንጸባረቀው ይጨመርበታል። እነዚህ ያለ ጥርጥር ሞተር ይገባቸዋል። የእኔ ጥፋት በሰሜኑ ላይ ነበር። ቤቱን የጨረስኩት በጥር ስለሆነ በዚያ በኩል ፀሐይ አላየሁምና ገመድ ሳላስገባ ቀረሁ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ግን፣ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ የጧቱም የማታውም ብርሃን አግድም ወደ ሰሜኑ መኝታ ቤት ገባ። አሁን እዚያ ያለው በባትሪ የሚሠራ ሞተር ነው፤ በየጥቂት ወሩ መሰላል ላይ ወጥቼ ቻርጅ አደርገዋለሁ።

የመውረጃ ሰዓቱን ሲያስገቡ ሥርዓቱ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ 24 ሰዓት መሆኑን ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ። ባለቤቴ የሳሎኑ መጋረጃ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እንዲወርድ ብላ 10:00 አስገብታ፣ በማግሥቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ሳሎኑ ጨለመ፤ መግባት የነበረበት 16:00 ነው። ከዚህ ሌላ ከሰዓት ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በተከፈተ መስኮት ስስ መጋረጃውን ወደ ውጭ ስለሚያወጣው፣ ሮለሩ እየወረደ ጨርቁን በመዝጊያው ላይ ያጣጥፈዋል። በመስኮቱ ላይ ትንሽ የማግኔት ሴንሰር አድርጌ፣ ክፍት ከሆነ መጋረጃው እንዳይወርድ ካዘዝኩ ወዲህ ችግሩ ቀርቷል። ለዚህ ሴንሰር ገመድ ባያስገቡም ወደ እያንዳንዱ መስኮት አንድ ባዶ ኮንዲዩት ከውስጡ የመሳቢያ ሽቦ ጋር ያስተዉ።

ልስኑ ሰኞ ይጀመራል ስላሉ፣ እሑድ ዕለት ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን መስኮት ከነኮንዲዩቱ ፎቶ ያንሡት። የመጋረጃ ሠሪው ፊሸር ሊመታ ሲመጣ ድሪሉ በየትኛው ሽቦ ላይ እንደሚያርፍ የሚነግረው ሌላ ነገር አይኖርም። የሳጥኑን ፎቶ እዚህ ከለጠፉት እኔም አየዋለሁ።