የሎግ መልእክት ርዝመት ይገደብ?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ሰነዶችን ስካን አድርጎ በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ያስቀምጣል። ፕሮግራማችን ምስሉን ወደ ቤዝ64 ጽሑፍ ቀይሮ መረጃ በሚያስገባው የኢንሰርት ትእዛዝ ውስጥ ስለሚልከው፣ ትእዛዙ ስሕተት በገጠመው ቁጥር ምስሉ እንዳለ ሎግ (ዳታቤዙ ክንውኖቹንና ስሕተቶቹን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ይጻፍና ዲስኩን ይሞላዋል። ባልደረባዬ ማንኛውንም የሎግ መልእክት 1024 ባይት ላይ የሚቆርጥ አዲስ ቅንብር በምንጭ ኮዱ ላይ ጨምሮ እንድገመግምለት ሰጥቶኛል። ልቀበለው?
የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሐሳቡ ተገቢ ቢሆንም አሁን ባለበት መልኩ እንዲጸድቅ አልመክርም። ገደቡ ሊያርፍ የሚገባው በትእዛዙ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው፤ የስሕተቱ መግለጫ ከተቆረጠ ሎጉ የተጻፈበት ዓላማ ይጠፋል። የመነሻ ዋጋውም «ያለ ገደብ» ይሁን፤ ሥርዓቱን ያሻሻለ ሰው ሳያውቀው መረጃ ሊጎድልበት አይገባም።

ከሁሉ አጥብቀው እንዲመረምሩ የምጠይቅዎ የመቁረጫውን ቦታ ነው። ፊደላትን በባይት በሚወክለው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ሙሉ በሙሉ በፊደላችን በተጻፈ ጽሑፍ 341 ፊደላት 1023 ባይት ይሞላሉ፤ 1024ኛው ባይት የቀጣዩ ፊደል ሲሶ ብቻ ይሆናል። ኮዱ ባይት ቆጥሮ ብቻ ከቆረጠ ይህ ስባሪ ሎጉ ውስጥ ይቀራል፣ ጥብቅ የሆነ የሎግ ማንበቢያም መስመሩን ላይቀበለው ይችላል። ፖስትግሬስኪውኤል በፊደል ወሰን ላይ የሚቆርጥ ፒጂ_ኤምቢክሊፕሌን የተባለ ፈንክሽን ስላለው፣ ባልደረባዎ እርሱን መጠቀሙን ያረጋግጡ፤ በአማርኛ ጽሑፍ የሚሞክር ቴስትም ያስጨምሩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከተሞከረ ይህ ጉድለት ፈጽሞ አይታይም።

የተቆረጠ ትእዛዝ መቆረጡና የቀድሞ ርዝመቱ በግልጽ ይጻፍ። መረጃ በሚለውጠው የአፕዴት ትእዛዝ፣ የትኞቹ ረድፎች እንደሚለወጡ የሚወስነው የዌር ሐረግ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ምልክት ከሌለ አንባቢው ሠንጠረዡ በሙሉ የተለወጠ ሊመስለው ይችላል። ቅንብሩ ምስጢር ይጠብቃል ብለው ግን አይመኑበት፤ ስምና ስልክ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከምስሉ ቀድመው ይገኛሉ።

ፕሮግራሙን ማሻሻል ከቻላችሁ ምስሉ ከትእዛዙ ጽሑፍ ተለይቶ በፓራሜተር (ለብቻው በሚላክ ዋጋ) ይላክ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 13ኛው ቨርዥን ጀምሮ በሎግ የሚጻፉ የፓራሜተር ዋጋዎችን ርዝመት የሚገድቡ ሁለት ቅንብሮች አሉ፤ ስሕተት ሲያጋጥም የሚሠራው ቅንብር የመነሻ ዋጋው 0 (ምንም አይጻፍ) ስለሆነ፣ በስሕተት ጊዜ የፓራሜተሩ ዋጋ ከትእዛዙ ጋር ሎግ ውስጥ አይገባም፤ የምንጭ ኮዱንም መንካት አያስፈልጋችሁም።