«ጎበዟ» የሚለው ስም ከበደኝ

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ «ጎበዟ» ነበር የምባለው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ሰነፉ»። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ሒሳብ ከ20 11 አመጣሁና ወረቀቱን ፍራሽ ስር ደበቅሁት። እናቴ ስታገኘው አልተቆጣችም። «አንቺ ነሽ ይህን ያመጣሽው?» ብላ ዝም አለች። አሁን መሥሪያ ቤቴ ሁለቴ የዕድገት ማስታወቂያ አውጥቶ አልተወዳደርኩም። ሰነፉ ወንድሜ ግን መንጃ ፈቃድ ሦስቴ ወድቆ በአራተኛው አወጣ። ምን ነክቶኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺ ወረቀት ከፍራሹ ስር ገና የወጣች አይመስለኝም። ያን ቀን የገባሽ «ከወደቅሁ ስሜን እነጠቃለሁ» የሚል ነገር ነው። ልጅ ደግሞ ስሙን ሲነጠቅ ፍቅሩም አብሮ የሚሄድ ይመስለዋል።

በ1998 እ.ኤ.አ. ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ጥያቄ አሠርተው ገሚሱን «ብልህ ናችሁ»፣ ገሚሱን «ጥራችኋል» ብለው አመሰገኑ። ብልህ የተባሉት ቀላል ሥራ ወደ መምረጥ አደሉ። ከባድ ጥያቄ ካቃታቸው በኋላ ውጤታቸው ወረደ። ነጥባችሁን ለማታውቁት ልጅ ጻፉለት ሲባሉም፣ ጨምረው የጻፉት «ጥራችኋል» ከተባሉት ይልቅ ከእነሱ መሃል በዙ። አየሽ፣ ፍራሽ ስላልነበረ ነው እንጂ እነሱም ደብቀዋል!

እናትሽ ክፉ አስባ አይደለም። ብትጠይቂያት ወረቀቱን ጭራሽ ላታስታውሰው ትችላለች። (ይሄ ነው የሚያናድደው።)

«ትችያለሽ፣ በርቺ» አልልሽም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በራስ መተማመንን ከሌላ ሰው ማበረታቻ ይልቅ የሚገነባው ራስ ሞክሮ ማየት ነው። እኔ በ42 ዓመቴ ዋና ልማር ገባሁ። አብረውኝ የሚማሩት የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። ውኃ ስጠጣ ሳቁብኝ። በሁለተኛው ሳምንት አብሬያቸው ሳቅሁ። አንቺም የማትችይውን አንድ ትንሽ ነገር ምረጪና ሰው እያየሽ አበላሺው። ሦስተኛው ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ «ልዘጋጅ» ሳትይ አመልክቺ። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ።

በወንድምሽ አትቅኚ፤ «ሰነፍ» መባልም የራሱ ቁስል አለው። ሦስተኛውን ፈተና የወደቀ ዕለት ማታ ምን እያሰበ እንደተኛ ጠይቂው። ያለሽን ጻፊልኝ።