ጥያቄና መልስ፦ ለስብከት መዘጋጀት እምነት ማጣት ነውን?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ በሚውለው የመጻጉዕ ሰንበት፣ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ ወጥቼ ወንጌል እንዳስተምር ተመድቤአለሁ። እስካሁን ሕፃናትን እንጂ ምእመናንን አስተምሬ አላውቅም። ልጽፍ ስቀመጥ አንድ ታላቅ ወንድም «ወረቀት ይዞ የሚሰብክ ሰው መንፈስ ቅዱስን አያምንም፤ ጌታ ‹ምን እንድትናገሩ አትጨነቁ› ብሏል፤ ጸልይና ውጣ» አለኝ። ብዘጋጅ እምነት ማጣት፣ ባልዘጋጅ ድፍረት መሰለብኝ። ምን ላድርግ? እንዴትስ ልዘጋጅ? መሐል ላይ ቢጠፋብኝስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ፣ ከንስሐ አባትህ ቡራኬ ስለ መቀበልህ አልነግርህም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግህ ልጅ ስለሆንህ ታውቀዋለህ። የምቆየው ታላቅ ወንድምህ በጠቀሰው ቃል ላይ ነው። ይህን ቃል በዚህ መንገድ የሚጠቅሱ አገልጋዮች ብዙ ገጥመውኛል። ልባቸው ቅን ነው፤ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ቀላል አይደለም። ከሌሊት ጀምሮ በጾም የቆመን ሕዝብ፣ ከአንዱ ጥቅስ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ፣ ሦስት ጊዜ «በመጨረሻም» እያሉ ያቆሙታል። ከወረዱ በኋላም «መንፈስ ቅዱስ እንዲህ መራኝ» ይላሉ። የራስን ስንፍና በእርሱ ስም መጥራት የሚያስፈራ ነገር ነው።

ቃሉን ከፍ ብለህ ከማቴዎስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 17 ጀምረህ አንብበው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ሸንጎ አሳልፈው እንደሚሰጡአቸው፣ በምኩራብ እንደሚገርፉአቸው፣ ወደ ገዥዎችና ወደ ነገሥታት እንደሚወስዱአቸው ይነግራቸዋል። «አሳልፈውም ሲሰጡአችሁ፣ የምትናገሩት በዚያች ሰዓት ይሰጣችኋልና እንዴት ወይስ ምን እንድትናገሩ አትጨነቁ» ያላቸው ከዚህ በኋላ ነው (ማቴ. 10፥19)። ተስፋው የተሰጠው ታስሮ ለሚጎተት፣ የሚያስብበት ጊዜ ለተነፈገው ሰማዕት ነው። አንተን ማን ጎተተህ? ቀኑን ታውቀዋለህ፣ ምንባቡን ታውቀዋለህ፣ ሦስት ሳምንትም ተሰጥቶሃል። ደግሞም «አትጨነቁ» አለ እንጂ «አታንብቡ» አላለም።

ስለ መንፈስ ቅዱስ ያለውን ሌላውን ቃል አብረህ ያዝ፦ «እኔም የነገርኋችሁን ሁሉ ያሳስባችኋል» (ዮሐ. 14፥26)። የሚታሰበው አስቀድሞ የሰማኸውና ያነበብኸው ነው፤ ልብህ ውስጥ ያልገባውን ምን ብሎ ያሳስብህ? ሐዋርያው ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀ ሰው ነው። ታስሮ፣ የሚሄድበት ጊዜ እንደ ደረሰ እያወቀ፣ ለጢሞቴዎስ በጢሮአዳ የተወውን በርኖሱንና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን እንዲያመጣለት ላከበት (2 ጢሞ. 4፥13)። በርኖሱ ለምን እንዳስፈለገው ለመንዝ ሰው አላስረዳም። መጻሕፍቱስ? ሊሞት የተቃረበ ሐዋርያ ገና ያነባል። እኛ ሳናነብ የምንወጣው ከእርሱ ምን በልጠን ነው?

በዓይንህ የምታየውን ልጨምርልህ። በቅዳሴ ኅብስቱን የጌታ ሥጋ የሚያደርገው መንፈስ ቅዱስ ነው። ነገር ግን «እርሱ ይለውጠዋል» ብሎ ዱቄቱን ሳይነፋ የሚያቦካ ዲያቆን አይተህ ታውቃለህ? በቤተ ልሔም፣ ኅብስቱ በሚዘጋጅበት ቤት፣ ሌሊቱን ተነፍቶ፣ ተቦክቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ይጋገራል። ደግሞም የዕለቱ መሆን አለበት፤ ያደረ አይቀርብም። የአንተም ስብከት እንዲሁ ነው። ቃሉን በሰሚው ልብ የሚያበራው እርሱ ነው፤ የማንፋቱና የማቡካቱ ድርሻ የአንተ ነው። (ስለ ያደረውም እግረ መንገዴን ልንገርህ፦ ከስልክ ላይ የአንድ ታዋቂ ሰባኪን ትምህርት በቃሉ ይዞ፣ ሳሉንና ድምፁን ሳይቀር አስመስሎ የሚያቀርብ ወጣት በዝቷል። ስማ፣ ተማርበት፤ ነገር ግን ያደረውን ለሕዝብ አታቅርብ።) ቅኔውንም ተመልከት። ባለቅኔው በማኅሌት መካከል ቆሞ ሲዘርፍ፣ ማለትም ቅኔውን ሲያሰማ፣ ያየ ሰው ያኔ የመጣለት ይመስለዋል። ስንት ዓመት ዱር ገብቶ ቅኔ ሲያዘጋጅ እንደ ዋለ፣ ማታ ማታ ለመምህሩ ነግሮ ስንቴ እንደ ታረመ አያውቅም።

ታላቅ ወንድምህን ግን አትናቀው፤ የፈራው እውነተኛ ነገር አለ። አንገቱን ደፍቶ አራት ገጽ የሚያነብ ሰባኪ ሕዝቡን አያየውም፣ ሕዝቡም አይሰማውም። ጥፋቱ አጻጻፉ ላይ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ርእስ ከራስህ አታምጣ፤ የየዕለቱን ምንባብ የሚወስነው መጽሐፍ፣ ግጻዌው፣ ሰጥቶሃል። የመጻጉዕ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያ አጠገብ የተኛውን ሰው ጌታ የፈወሰበት ታሪክ። ምስባኩ፣ ከወንጌሉ በፊት በዜማ የሚሰበከው የመዝሙር ቃል፣ መዝሙር 40፥3 ነው፤ ከሐዋርያት መልእክት ያዕቆብ 5፥14፣ ከግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 3፣ በመቅደስ ደጅ የነበረው ሽባ ይነበባል። የብዙ ጀማሪዎች ስብከት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ደስ ያላቸውን ርእስ ይይዙና ለእርሱ ጥቅስ ይለቅማሉ፣ ሕዝቡ ደግሞ በቅዳሴው የሰማው ወንጌል ሳይፈታለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፊልጶስ ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሰበከው ሰውዬው በእጁ ይዞ ከሚያነበው ክፍል ጀምሮ ነው (ሐዋ. 8፥35)።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትጻፍ። ወንጌሉን በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያለፍኸው ነገር ይታይሃል። ለምሳሌ አልጋውን እይ። ዲያቆኑ «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» ብሎ ይሰብካል፤ እግዚአብሔር በሕመሙ አልጋ ላይ ሳለ ይረዳዋል ማለት ነው። ዐራት አልጋ ነው። ወዲያው ወንጌሉ ሲነበብ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» የሚል ይሰማል። 38 ዓመት እርሱን የተሸከመውን አልጋ ሰውዬው ተሸከመው። ምስባኩና ወንጌሉ እንዲህ እንደሚነጋገሩ ለሕዝቡ ብታሳየው፣ በሚቀጥለው ሰንበት ምስባክ ሲሰበክ ጆሮው ይነቃል። አንድምታውን፣ የአባቶችን ትርጓሜ፣ ከዚህ በኋላ አንብብ፤ መጽሐፉ በእጅህ ከሌለ የመጻሕፍት መምህር ጠይቅ። ቅደም ተከተሉን አታዛባ። ንባቡን ሳያውቅ ወደ ትርጓሜው የሮጠ ሰው የሚናገረው ስለ ምን እንደ ሆነ አያውቀውም።

ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ። አንድ ብቻ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ አንድ ቀንም ሦስት ቀንም ቢፈጅብህ አትዘን። መለኪያው እንዲህ ነው፦ አንዲት እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ታማ የቀረች ጎረቤቷ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብትላት በአንድ ትንፋሽ መመለስ አለባት። «ስለ መጻጉዕ» ካለች አልተማረችም፤ ያ የዕለቱ ስም ነው። «‹ሰው የለኝም› ላለው ሰው፣ አምላክ ሰው ሆኖ መጣለት» ካለች ግን ወንጌሉ ቤቷ ገብቷል። በቁጥር 7 ሰውዬው «የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ይላል፤ ይህን የሚለው በፊቱ ለቆመው ለአምላክ ወልደ ማርያም ነው።

ዐረፍተ ነገሩን ስታገኝ ለእርሱ የማይሠራውን ሁሉ አውጣ። 38 ዓመት እስራኤል ከቃዴስ በርኔ ተነሥተው የዘሬድን ወንዝ እስኪሻገሩ የተጓዙበት ዘመን ነው (ዘዳ. 2፥14)፤ መልካም ነገር ነው፣ ለሌላ ቀን አስቀምጠው። መጠመቂያይቱ በአማርኛው «ቤተ ሳይዳ» ስለ ተባለች የእነ ሐዋርያው ፊልጶስ ከተማ ከሆነችው ቤተ ሳይዳ ጋር የሚያደባልቅ ሰባኪ አለ፤ ይቺ በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ናት። «አምስት መመላለሻ» የሚለውን ግን ፍታው፤ በዓምድ የተደገፈ ጣራ ያለው መጠለያ ነው። ካልፈታኸው ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሲያሰላስሉ አንተ ሦስት ቁጥር አልፈሃቸው ትሄዳለህ።

በዚህ ምንባብ ላይ ሁለት ጉድጓድ አለ፤ ብዙዎች ገብተውበታልና ተጠንቀቅ።

አንደኛው ቁጥር 14 ነው፤ «ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ»። ይህን ይዘው «የታመማችሁት በኃጢአታችሁ ነው» ብለው ሕዝቡ ላይ የሚጮኹ አሉ። ልጄ፣ ከፊትህ ከተቀመጡት መካከል ልጇ ሲወለድ ጀምሮ የማይራመድላት እናት ትኖራለች። ጌታ ለዚህ ሰው የነገረውን ለሁሉ አልነገረም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሲጠየቅ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል (ዮሐ. 9፥3)። ቁጥር 14ን ከጠቀስህ ይህንንም በዚያው ትንፋሽ ጥቀስ። ያን የማታደርግ ከሆነ ሁለቱንም ተዋቸው።

ሁለተኛው ውኃው ነው። መጠመቂያ ስትል ሰሚህ ሸንኮራ ዮሐንስን ያስባል፤ ወረፋውን፣ ደጋፊ የሌለውን ሕመምተኛ ያስባል። ያ ትልቅ በር ነውና ግባበት። ነገር ግን «ጌታ ያለ ውኃ አዳነ» ከሚለው ተነሥተህ ፀበልን የሚያቃልል ቃል እንዳያመልጥህ። ይኸው ጌታ ዕውሩን «ሂድና በሰሊሆም መጠመቂያ ታጠብ» ብሎ ወደ ውኃ ልኮታል።

ሦስተኛውን ሳምንት ጻፍ። ጠቅላላ ጊዜህ 20 ደቂቃ ይሁን። ሰላምታና መግቢያ ከ2 ደቂቃ አይለፍ፤ «እኔ ደካማ ነኝ፣ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም» የሚለውን ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ሕዝቡ ወንጌል ሊሰማ ነው የቆየው። 10 ደቂቃ ለታሪኩና ለምስጢሩ፣ የቀረው ለምክር ይሁን። ምክሩ አንድ የሚደረግ ነገር ይዞ ይምጣ። «እንዋደድ፣ እንረዳዳ» አይበቃም። ያዕቆብ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ይላል። ስለዚህ በየመንደራቸው ከቤት የማይወጣ ሕመምተኛ ካለ እስከሚቀጥለው እሑድ፣ እስከ ደብረ ዘይት ሰንበት ድረስ ካህን ጠርተው እንዲያስጸልዩለት፣ ፀበል የሚያደርሰው ሰው ካጣም ተራ ወጥተው እንዲያደርሱት ንገራቸው። ቀኑን ቁረጥላቸው።

ሙሉውን ከጻፍህ በኋላ ወረቀቱን ይዘህ አትውጣ። በግማሽ ወረቀት የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር፣ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገርና በመካከል ያሉትን ምዕራፍና ቁጥሮች በትልልቁ ጽፈህ መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አስቀምጥ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን በቃልህ ያዝ፤ ሰባኪ የሚርበተበተው ሲጀምር ነው፣ የሚንዛዛው ደግሞ መውረጃው ሲጠፋው ነው። ግእዝ ከጠቀስህ አማርኛውን ወዲያው አስከትል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ውጣና ቆመህ፣ ድምፅህን አውጥተህ፣ ሰዓት ይዘህ ተናገረው። 28 ደቂቃ ከሆነ ከምስጢሩ ቁረጥ እንጂ ፈጥነህ ለመናገር አትሞክር። በእናንተ አገር ነፋሱ ብርቱ ነው። ማይክሮፎኑን ከአፍህ አንድ ስንዝር አርቀህ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው፤ ፊት ለፊት ከያዝኸው ትንፋሽህና ነፋሱ በሞንታርቦው ይንኮሻኮሻል። የሞንታርቦው ድምፅ ደርሶ እስኪመለስ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንፋሽ ውሰድ። አትጩኽ። እልልታ ቢበዛ ስብከቱ ያማረ፣ ዝም ቢሉ የከሸፈ አይምሰልህ።

ቢጠፋብህስ ላልኸው፦ ይጠፋብሃል፤ አትደንግጥ። «እ...» እያልህ ቃል አታሳድድ፣ ይቅርታም አትጠይቅ። ዝም በል፣ መጽሐፍ ቅዱስህን ግለጥና ቁጥር 6ን በዝግታ አንብበው፦ «ልትድን ትወዳለህን?» አብዛኛውን ጊዜ ንባቡ ራሱ ወደ ነበርህበት ይመልስሃል፤ ሕዝቡም ቃሉን የደገምህለት ይመስለዋል እንጂ መጥፋቱን አያውቅም። አንብበህም ካልተመለሰልህ ያችን አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ተናገር፣ ስለ ሕመምተኞቹ የቆረጥኸውን ቀን ንገራቸውና «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለህ ውረድ። 8 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ውረድ።